ያለፈው ዘመን ቀሚስ ይለበስ ወይስ ይቀመጥ?

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ቀሚስ የሚሰፋው ሊለበስ ነው፤ በክብር ቀን ከሳጥን ካልወጣ መኖሩ ካለመኖሩ አይሻልም ማለት ነው። ደግሞም «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። የሌላው ጌጥ ለጊዜው ቢያብለጨልጭም የባለቤቱን ክብር ለተዋሰው አያወርስም ማለት ነው። ሁለቱም ተረቶች እውነት መሆናቸውን እናምናለን። ነገር ግን እነዚህ ሁለት እውነቶች ፊት ለፊት ቆመው የሚሟገቱበት አንድ ጉዳይ ስላገኘን፥ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው አሰብን።

ጉዳዩም ይህ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ከ1940 እስከ 1960 ባሉት ዓመታት አካባቢ የተሰፉትን የሴቶች ቀሚሶች፥ ካፖርቶች፥ ባርኔጣዎች፥ ጓንቶች፥ የእጅ ቦርሳዎችና ጫማዎች እየፈለጉ የሚሰበስቡ ብዙ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ የሰበሰቡትን በጥንቃቄ አጥፈው ያስቀምጡታል፤ ሌሎቹ ግን ለብሰውት ወደ ሥራና ወደ ግብዣ ይወጡበታል። በእንግሊዝ አገር ጉድውድ በሚባለው ስፍራ ከ1998 ጀምሮ በሚደረገው የድሮ አውቶሞቢሎች እሽቅድምድም ላይ፥ ተመልካቾች የዚያን ዘመን ልብስ ለብሰው መምጣታቸው የታወቀ ልማድ ሆኗል። እንግዲህ ጥያቄው፥ ያለፈው ዘመን ልብስ ይለበስ ወይስ ይቀመጥ? የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት መጻፍ ሲገባቸው፥ ስለ ቀሚስ ግርጌና ስለ ቁልፍ ብዛት ምን አስጻፋቸው?» ብሎ ይስቅብን ይሆናል። እኛም ከማንበባችን በፊት እንደዚሁ እናስብ ነበር። ዳሩ ግን ጥቂት ከመረመርን በኋላ ጦርነቱንም መንግሥቱንም በቀሚሱ ስፌት ውስጥ አገኘናቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 ከተጀመረ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ፋብሪካዎቹንና ሠራተኞቹን ለወታደር ልብስና ለጦር መሣሪያ ሥራ ማዋል አስፈለገው። ስለዚህ ከጁን 1 ቀን 1941 ጀምሮ ልብስ ለሕዝቡ በኩፖን እንዲታደል አዘዘ። ለመጀመሪያው ዓመት ለእያንዳንዱ ጎልማሳ የተሰጠው 66 ኩፖን ነበር። ለአንድ የሱፍ ካፖርት 14፥ ለአንድ የሱፍ ቀሚስ 11፥ ለአንድ ጥንድ የሴት ጫማ 5፥ ለአንድ ጥንድ የእግር ሹራብ 2 ኩፖን ይከፈላል፤ የገንዘቡ ዋጋ ከዚህ ሌላ ነው። አንዲት ሴት አንድ ካፖርት፥ አንድ ቀሚስ፥ አንድ ጥንድ ጫማና አራት ጥንድ የእግር ሹራብ ብትገዛ 38 ኩፖን አወጣች ማለት ነው፤ ለዓመቱ የሚቀራት 28 ብቻ ነው። ሀብታሟም ድኻዋም በኩፖኑ ፊት እኩል ነበሩ። ይህ የልብስ እደላ የቀረው ጦርነቱ ካለቀ ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ፥ በማርች 15 ቀን 1949 ነው።

በዚያው በ1941 መንግሥቱ የጨርቁን ዓይነትና የዋጋውን ልክ እየወሰነ የሚያሠራው «ዩቲሊቲ» የተባለ ልብስ ወጣ። ምልክቱ ሁለት «ሲ» ፊደሎችና 41 ቁጥር ነው፤ ፊደሎቹም ጥቂት ተቆርጦ የተወሰደለት ድቡልቡል አይብ ስለሚመስሉ ሕዝቡ «አይቦቹ» እያለ ይጠራቸው ነበር። በ1942 በወጣው ደንብ አንድ ቀሚስ ከሁለት ኪስና ከአምስት ቁልፍ በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ። ኖርማን ሃርትኔልንና ሃርዲ ኤሚስን የመሳሰሉ የታወቁ የለንደን ልብስ ነዳፊዎች በዚህ ጠባብ ደንብ ውስጥ የሚያምር ልብስ እንዲያዘጋጁ ተጠየቁ፤ የሠሯቸውም ናሙናዎች እስከ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛሉ። በ1943 ደግሞ መንግሥት ሴቶች በያዙት እንዲብቃቁና የተቀደደውን እንዲጠግኑ የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ስለዚህ ዛሬ አንዲት ሰብሳቢ አምስት ቁልፍ ብቻ ያለበት፥ ክርኑ ተጥፎ የታደሰ፥ በገበሩም ላይ «አይቦቹ» የታተሙበት ቀሚስ ስታገኝ፥ በእጅዋ የያዘችው የአንድን ሕዝብ የችግር ዘመን ነው።

የእግር ሹራብም የራሱ ታሪክ አለው። ዱፖንት በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ዋላስ ካሮዘርስ የተባሉት ሊቅ በ1935 ናይለንን ፈጠሩ። ከዚያ በፊት የሴቶች ቀጭን የእግር ሹራብ የሚሠራው በአብዛኛው ከሐር ነበር። የናይለን ሹራብ በሜይ 15 ቀን 1940 በመላው አሜሪካ መሸጥ ሲጀምር ሴቶች እየተሰለፉ ገዙት። ነገር ግን አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ስትገባ ናይለን ለፓራሹትና ለገመድ ተፈለገ፤ ሹራቡም ከገበያ ጠፋ። አንዳንድ ሴቶች ባዶ እግራቸውን ቀለም ቀብተው፥ ከኋላ የሹራቡን ስፌት የሚመስል መስመር በቅንድብ መኳያ እርሳስ ያሠምሩ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በጁን 1946 በፒትስበርግ ከተማ 13,000 ጥንድ ሹራብ ለመግዛት 40,000 ያህል ሰው ተሰልፎ እንደ ነበር ተጽፏል። ዛሬ ያልተለበሰ የዚያ ዘመን ሹራብ ከነወረቀት መያዣው ሲገኝ ሰብሳቢው ደስ የሚለው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ ቍጠባ በኋላ በፌብሩዋሪ 12 ቀን 1947 ክርስቲያን ዲዮር የተባሉት ፈረንሳዊ በፓሪስ በሞንቴኝ ጎዳና የመጀመሪያ ሥራቸውን ለሕዝብ አሳዩ። ወገቡ ጥብቅ፥ ትከሻው ለስላሳ፥ ጕርዱ ሰፊና እስከ ባት የሚወርድ ልብስ ነበር። የአሜሪካ መጽሔት አዘጋጅ የነበሩት ካርሜል ስኖው «አዲስ መልክ» ብለው ሰየሙት፤ በዚሁም ስም በዓለም ላይ ታወቀ። ለዲዮር ድርጅት ገንዘብ ያወጡት ማርሴል ቡሳክ የጥጥ ጨርቅ ፋብሪካዎች ጌታ እንደ ነበሩ ስናነብ፥ ጨርቅ በብዛት የሚፈጅ ቀሚስ ለማን እንደሚጠቅም ለመገመት አላስቸገረንም። ዲዮር ራሳቸው ግን የፈለጉት ከወታደር ልብስ ዘመን በኋላ ሴቶች እንደ አበባ እንዲታዩ መሆኑን ተናግረዋል።

ይህም ልብስ ሁሉን ደስ አላሰኘም። በዚያው ዓመት በፓሪስ በሌፒክ መንገድ፥ ልብሱን ለፎቶግራፍ የለበሱትን ልጃገረዶች የሰፈሩ ሴቶች ይዘው ቀሚሱን ቀደዱባቸው። ልጆቻቸውን የሚያለብሱት ጨርቅ ያጡ እናቶች፥ ለአንድ ሰው ያን ያህል ጨርቅ ሲባክን ማየት ቢያስቈጣቸው አይፈረድባቸውም። በአሜሪካም በቴክሳስ ሴቶች ተሰብስበው ረጅሙን ጕርድ የሚቃወም ማኅበር አቋቋሙ። እንግዲህ ዛሬ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ሆኖ «ምንኛ ያምራል!» የምንለው ቀሚስ፥ በተወለደበት ዓመት ሰውን ከሰው ያጣላ ነበር። ውበቱን ብቻ አይቶ ጠቡን የረሳ ሰው ታሪኩን በከፊል ብቻ ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የሚስ አን ሎው ታሪክ ነው። ሚስ ሎው በአላባማ የተወለዱ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። አያታቸው በባርነት የኖሩ ሴት ሲሆኑ ስፌትን ለልጃቸው፥ ልጃቸውም ለአን አስተማሩ። በሴፕቴምበር 12 ቀን 1953 ዣክሊን ቡቭዬ ጆን ኬኔዲን ሲያገቡ የለበሱትን የሙሽራ ቀሚስ የሠሩት እኚህ ሴት ናቸው። ሠርጉ ሊደርስ ዐሥር ቀን ያህል ሲቀረው የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ በሥራ ቤታቸው የነበረውን የሙሽራዋንና የሚዜዎቿን ልብስ አበላሸባቸው። ሚስ ሎው ግን ጨርቅ እንደ ገና ገዝተው፥ ሠራተኞቻቸውን ይዘው ሌት ተቀን በመሥራት በቀኑ አደረሱ፤ ስለ ደረሰባቸውም ኪሳራ ለደንበኞቻቸው አንዲት ቃል አልተናገሩም። የሠርጉ ወሬና ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ላይ ሲወጣ ግን ስማቸው እምብዛም አልተጠራም። ቀሚሱ ዛሬ በቦስተን በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ይጠበቃል፤ የሰፊዋም ስም በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። ልብሱ ባይቀመጥ ኖሮ ምናልባት የሰፊዋም ስም አብሮ በጠፋ ነበር።

አሁን ደግሞ ሰብሳቢዎቹ የአንድን ልብስ ዕድሜ እንዴት እንደሚያውቁ እንመልከት። የልብሱን የውጭ መልክ ብቻ አይተው አይፈርዱም፤ ገልብጠው ውስጡን ያነባሉ። በመጀመሪያ ዚፑን ያያሉ። በዚያ ዘመን ዚፕ የሚሠራው በብዛት ከብረት ነበር፤ በናይለን የተሠራው የተስፋፋው በ1960ዎቹ ነው። በ1940ዎቹ ቀሚሶች ላይ ዚፑ ብዙ ጊዜ በጎን ይገኛል፤ ወደ ኋላ ግን በጀርባ መሆኑ እየተለመደ ሄደ። ቀጥለው በአንገቱ ወይም በጎኑ ስፌት ላይ የተሰፋውን ትንሽ የጽሑፍ ምልክት ያነባሉ። በአሜሪካ በ1900 የተመሠረተው የሴቶች ልብስ ሠራተኞች ማኅበር በአባላቱ እጅ በተሠራው ልብስ ላይ ምልክቱን ያሰፋ ነበር፤ የምልክቱም ቅርጽ በየጊዜው ስለ ተለወጠ ዘመኑን ይናገራል። በልብሱ ውስጥ ስንት እጅ ከመቶ ምን ዓይነት ክር እንዳለ እንዲጻፍ የሚያስገድደው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1958 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው በ1960 ነው። ስለ አስተጣጠቡ የሚያስረዳ ጽሑፍ ግዴታ የሆነው ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በዚህ ዓይነት ለሌላው ሰው እራፊ የሚመስለው ነገር፥ ማንበብ ለሚያውቅ ሰው ቀኑን፥ አገሩንና የሠራተኛውን ማኅበር ሳይቀር ይነግረዋል።

ይህን ያህል ካወቅን ወደ ክርክራችን እንመለስ። ይለበስ የሚሉት ወገኖች ቀላል ያልሆነ ምክንያት አላቸው። ልብስ ያለ ሰው ገላ ሙሉ አይደለም፤ እጅጌው እንዴት እንደሚታጠፍ፥ ጕርዱ በእርምጃ ጊዜ እንዴት እንደሚወዛወዝ፥ ጠባቡ ወገብ ትንፋሽን እንዴት እንደሚይዝ የሚታወቀው ሲለበስ ነው ይላሉ። ከታላላቆቹ ሰብሳቢዎች አንዷ የሆኑት እንግሊዛዊቷ ዶሪስ ላንግሊ ሙር በዚህ ሐሳብ በ1949 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የሰበሰቧቸውን እውነተኛ የድሮ ልብሶች ለሰዎች አልብሰው ፎቶግራፍ አስነሥተዋል። እኚህ ሴት በ1955 የልብስ ሙዚየም ከፈቱ፤ ሙዚየሙም በ1963 ወደ ባዝ ከተማ ተዛወረ። ከዚህም በቀር በያለበት ብዙ ልብስ ተሰፍቶ ቶሎ በሚጣልበት በአሁኑ ጊዜ፥ ሰባ ዓመት የቆየ ካፖርት ጠግኖ መልበስ ብክነትን መቃወም ነው ይላሉ።

ይቀመጥ የሚሉት ወገኖች ደግሞ በ2022 የሆነውን ይጠቅሳሉ። ማሪሊን ሞንሮ የተባለችው የሲኒማ ተዋናይ በሜይ 19 ቀን 1962 በኒው ዮርክ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ የልደት መዝሙር ስትዘምር የለበሰችው ቀሚስ፥ ዣን ሉዊ የተባሉት ልብስ ነዳፊ ያዘጋጁት ነበር። እጅግ ስስ ከሆነ የሐር ጨርቅ በልክዋ ተሠርቶ በሺህ የሚቈጠሩ የሚያብረቀርቁ ፈርጦች የተሰፉበት ነው። ይህ ቀሚስ በ1999 ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ፥ በ2016 ደግሞ በ4.8 ሚሊዮን ዶላር በሐራጅ ተሸጠ። በሜይ 2 ቀን 2022 ኪም ካርዳሺያን በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ግብዣ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ለብሳው ደረጃውን ወጣች፤ ቀጥላም በአምሳያው ለወጠችው። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ሰብሳቢዎች ስፌቱ ተስቧል፥ ፈርጥም ጐድሏል ብለው ከሰሱ፤ የቀሚሱ ባለቤት የሆነው ድርጅት ግን በዚያ ቀን ምንም ጉዳት አልደረሰም ሲል መለሰ። ማን እንደ ተሳሳተ እኛ አንፈርድም። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት፥ ታሪካዊ ልብስ በማንም ሰው ሊለበስ አይገባውም ሲል አሳወቀ።

ይህ አነጋገር ጥብቅ ቢመስልም ምክንያት አለው። ላብ ጨርቅን ይበላል፤ ብርሃን የሐርን ኃይል ያደክማል፤ የብል ትል ሱፍን ይቦረቡራል። የስፌቱ ክር ከጨርቁ ጋር ያረጃልና፥ አንድ ጊዜ ክንድን ማንሣት ብቻ ብብቱን ሊተረትረው ይችላል። ሙዚየሞች ልብስን ከ50 ሉክስ በማይበልጥ ደብዛዛ ብርሃን የሚያሳዩትና አሲድ በሌለበት ወረቀት ጠቅልለው የሚያኖሩት ስለዚህ ነው። የተቀደደ ይጠገናል፤ ያለቀ ሐር ግን አይታደስም።

እንግዲህ የኛ አስተያየት ምንድር ነው? ሁለቱን ተረቶች ማስታረቅ የሚቻል ይመስለናል። በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ ልብስ፥ ወይም የሠራችው ሴት ስም የሚጠራበት ልብስ፥ የአንድ ሰው ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የሁሉ መጽሐፍ ሆኗል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን መጽሐፍ ለመታየት ብሎ በዝናብ ውስጥ ይዞ የሚዞር የለም። ስለዚህ በዚህ ዓይነቱ ላይ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ይፍረድ። ነገር ግን በሺህ የሚቈጠር ካፖርት፥ ባርኔጣና ጓንት በየገበያው አለ፤ እርሱንም ያልለበሰው ብል ይለብሰዋል። በዚህኛው ላይ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ» የሚለው ይፍረድ። በሁለቱም በኩል ግን አንድ ግዴታ አለ፤ ይኸውም ልብሱ ማን እንደ ሠራው፥ ማን እንደ ለበሰውና በምን ዘመን እንደ ሆነ አለመርሳት ነው። ስሙን ያጣ ልብስ ቢለበስም ቢቀመጥም ጨርቅ ነው።

ይህን ስንጽፍ የራሳችንን ቤት ሳናስብ አልቀረንም። በኛ አገር ከባሕር ማዶ ተለብሶ የመጣ ልብስ «ሰልባጅ» ይባላል፤ የሚፈለገውም በዋጋው ርካሽነት እንጂ በታሪኩ አይደለም፤ በዚያ ክምር ውስጥ የአንዲት የማናውቃት ሴት የሠርግ ቀን ልብስ ሊኖር እንደሚችል ማን ያስባል? በሌላ በኩል ደግሞ በየቤታችን የእናቶቻችንና የአያቶቻችን ሳጥን አለ። በውስጡም እናት የፈተለችው፥ ሸማኔ የሠራው፥ ጥለቱ ገና ያልደበዘዘ ቀሚስ ተቀምጧል። ለጥምቀትና ለፋሲካ ይወጣል፤ ከበዓል በኋላ ታጥቦና ታጥፎ ይመለሳል። አያቶቻችን ሙዚየም ሳያዩ፥ መልበስንና መጠበቅን አንድ ላይ ያውቁበት ነበር። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አልተጻፈም። ፈታይዋ ማን ነበረች? ሸማኔው ማን ነበር? ስንት ብር ወጣበት? የተለበሰውስ ለማን ሠርግ ነበር?

ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቻችን አንድ ምክር እናቀርባለን። ዘንድሮ ወደየቤታችን ስንመለስ ሳጥኑ እንዲከፈትልን እናትን ወይም አያትን እንለምን። ቀሚሱን ለመልበስ አንቸኩል፤ በፊት ታሪኩን እንስማ። የሰማነውንም በአንዲት ንጹሕ ወረቀት ላይ ጽፈን ከቀሚሱ ጋር እናስቀምጥ። ትምህርት ቤታችን መጻፍን ያስተማረን ለፈተና ብቻ አይደለም። አያቶቻችን በሕይወት እያሉ ያልጠየቅነውን ከእነርሱ በኋላ ጨርቁ ብቻውን ሊነግረን አይችልም።